ሳይድኑ ለሚመለሱ ጀግኖች የቀረበ ምስጋና

ሜዳ ላይ እግራቸው ወለም ብሎ የወደቁ፣ «ምንም አልሆንኩም» ብለው የተነሡ፣ ቀሪውንም አጋማሽ እያነከሱ የጨረሱ ጀግኖቻችን ተገቢውን ክብር አላገኙም። የተጨበጨበላቸው የዚያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ትልቁን ተጋድሎ፣ ማለትም ለመዳን ፈጽሞ እጅ አለመስጠታቸውን፣ የሚያወሳላቸው የለም። እኛ እናወሳለን።

ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ የነበሩ ሐኪሞች ቁርጭምጭሚቱን የተጎዳ ሰው ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ የሚለይ ቀላል መመዘኛ አወጡ። በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ብቅ ካሉት ሁለት አጥንቶች የአንዱ ጫፍ፣ ወይም ከጫፉ ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲሜትር ድረስ ያለው የኋላ ጠርዙ ሲጫኑት ካመመ ራጅ ይነሣ ይላል። ሰውየው እንደ ተጎዳም፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብም 4 እርምጃ መራመድ ካልቻለ እንዲሁ። እያነከሱ መራመድም እንደ መራመድ ይቆጠራል፤ ይህን ያህል ቸር መመዘኛ ነው። ጀግናችን ግን የሚያምኑት በጣት መመዘኛ ነው፦ «ጣትህን አንቀሳቅስ፤ ከተንቀሳቀሰ አልተሰበረም።» ጣቶቹን የሚስቡት ዋነኞቹ ጡንቻዎች ከቁርጭምጭሚት በላይ ቅልጥም ላይ ስለሚገኙ አጥንት ተሰብሮም ጣት እንደ ልቡ ሊንቀሳቀስ ይችላል። ይህን የሰውነት አሠራር ጉድለት ጀግናችን አይቀበሉትም።

ቀጥሎ ደጋፊዎች ይከባሉ። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ያሻል፣ አንዱ የሚያቃጥል ውኃ ያመጣል። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲባል የሰማ ሁሉ የእግሩ ይታሻል ብሎ ደምድሟል፤ ተረትን እንዲህ በተግባር የሚያውል ሕዝብ ብርቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት በተቀደደው ጅማት ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ገና አልረጉም። ሙቀትና ጠንካራ እሽት ሲጨመርባቸው ደሙም እብጠቱም ይብሳል፤ በማግስቱ ጫማ አልገባ ሲል ደግሞ «በደንብ አልታሸም» ይባላል።

በረዶ ያገኙትም አይታሙም። በጨርቅ ጠቅልሎ 10 ወይም 15 ደቂቃ አስነክቶ ማንሣት የፈሪ ሥራ ነው፤ የደፋር በረዶ በባዶ ቆዳ ላይ ታስሮ ያድራል። እረፍት፣ በረዶ፣ መጠቅለልና እግርን ከፍ ማድረግ የሚለውን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቁት ሐኪም ጌብ ሚርኪን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በረዶ ሕመም ቢያስታግስም መዳንን ሊያዘገይ ይችላል ብለው ሐሳባቸውን አሻሽለዋል። ጀግናችን እንዲህ ያለ ወላዋይነት የለባቸውም።

የምስጋናችን ዋና ምክንያት ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ እብጠቱ ይጎድላል፣ ደረጃ መውረድም ይቻላል። ልክ በዚህ ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ የሰጠቻቸው የልምምድ ወረቀት ከቤት ይጠፋል። ወረቀቱ ላይ የነበረው ይህ ነው። በተጎዳው እግር ብቻ 30 ሰከንድ መቆም፤ ሲለመድ ዓይንን ጨፍኖ፤ እሱም ሲቀል ትራስ ላይ ወጥቶ። ላስቲክ ከጠረጴዛ እግር ጋር አስሮ፣ ተረከዝን ሳያነሡ የእግርን ፊት ወደ ውጭ መግፋት፣ 15 ጊዜ በ3 ዙር። በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሣትና ማውረድ፣ ቁጥሩ ከደህናው እግር እስኪተካከል። ግድግዳ ፊት ቆሞ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሣ ጉልበትን ግድግዳው ላይ ማስነካት፣ ከዚያ አውራ ጣቱ ከግድግዳው ስንት ሴንቲሜትር እንደ ራቀ ለክቶ ከሌላው እግር ጋር ማወዳደር። ሲያነቡትም ያሳፍራል። ጎልማሳ ሰው ትራስ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ጎረቤት ቢያይስ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀደደው በቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጎን ከፊት በኩል ያለው ጅማት ነው። ይህ ጅማት አጥንት ከማስተሳሰር ሌላ ሥራ አለው፦ እግር ወዴት እንደ ዘመመ ለአንጎል የሚያቀብሉ የስሜት ነርቮች አሉበት። ጅማቱ ሲቀደድ መልእክቱ ይዛባል፤ እግር መዞር ሲጀምር ወደ ውጭ ጎትተው የሚመልሱት የቅልጥም የጎን ጡንቻዎችም ዘግይተው ይነሣሉ። በአንድ እግር መቆሙና ላስቲኩ የሚያሠለጥኑት ይህንኑ ነው። ሕመም ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፣ ቀድሞ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት የተቀደደው ቦታ በለጋ ጠባሳ ተሸፍኗል፤ ክሮቹ እንደ ቀድሞው በአንድ አቅጣጫ ተደርድረው እስኪጠነክሩ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ከመጀመሪያው ወለምታ በኋላ እግራቸው የማይታመን ሆኖ የሚቀሩት ሰዎች እስከ 40 በመቶ ሊደርሱ እንደሚችሉ ይጠቀሳል። ጀግናችን በዚህ ረገድ የበኩላቸውን ሳያዋጡ ቀርተው አያውቁም። ወደ ጨዋታ ሲመለሱ መደገፊያ ማሰር ዳግም ወለምታን እንደሚቀንስ ቢነገራቸውም፣ «እግሬ ይሰንፋል» ብለው መደገፊያውን ቦርሳ ውስጥ ይተዉታል።

ሯጮቹን አንርሳ። የተረከዝ ጅማታቸው ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ቀጥ ይላል፣ ሲሮጡ ይላላል፣ ማታ ይመለስባቸዋል። ለዚህ ስዊድናዊው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ልምምድ አለ። ደረጃ ጫፍ ላይ በጣት ግርጌ ይቆማሉ፣ በደህናው እግር ይነሣሉ፣ ክብደቱን ወደ ታመመው ያዛውራሉ፣ ከዚያ ተረከዙን ቀስ አድርገው ከደረጃው በታች ያወርዳሉ። ጉልበት ተዘርግቶ 15 ጊዜ በ3 ዙር፤ ጉልበት በጥቂቱ ታጥፎ ደግሞ 15 ጊዜ በ3 ዙር፤ ጠዋትና ማታ፣ በየቀኑ፣ ለ12 ሳምንታት። በቀን 180፣ በጠቅላላው 15,120 ጊዜ ማለት ነው። ሲቀል ቦርሳ ውስጥ ክብደት እየጨመሩ። ጀግናችን ይህን ሲሰሙ አስልተው ሌላ መንገድ መረጡ፦ ሦስት ሳምንት መተኛት፣ በአራተኛው እሑድ 15 ኪሎ ሜትር መሮጥ። ጅማት ጫና ካላገኘ አቅሙ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከእረፍት የተመለሰው ጅማት ከሄደው የደከመ ነው። ያመመው ሩጫው ስለበዛ ነው ብለው እንደገና ሦስት ሳምንት ይተኛሉ። እንዲህ ዓመት ያልፋል።

ፊዚዮቴራፒስቶች ለዚህ የሚሰጡት ሌላ መላ አለ። ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ስጡት፤ ልምምድ ላይ እስከ 5 ድረስ ይታገሡታል፤ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ጫናው ይቀነሳል። ጀግናችን ሁሌም «ዜሮ» ነው የሚሉት፣ ፊታቸው ግን ዘጠኝ ይላል።

ማሟሟቅ ላይማ ወደር የላቸውም። ፊፋ 11+ የሚባለው የማሟሟቂያ መርሐ ግብር 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ቀስ ያለ ሩጫ፣ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ልምምዶች፣ በመጨረሻም ፈጠን ያለ ሩጫ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት በኖርዌይ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሞክሮ ጉዳት በአጠቃላይ በሲሶ ያህል ቀንሷል። ጀግናችን 20 ደቂቃውን አትርፈውታል። ሲደርሱ የጎሉን ብረት ይይዛሉ፣ ተረከዛቸውን ወደ መቀመጫቸው ለአራት ሰከንድ ይጎትታሉ፣ ከዚያ ከሠላሳ ሜትር ይመታሉ። ኳሷ ወደ ላይ፣ እጃቸው ወደ ጭናቸው ጀርባ። ተንበርክኮ ጓደኛ ቁርጭምጭሚትን ይዞ፣ ገላን ቀጥ አድርጎ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውደቅ የሚባለው የኖርዲክ ልምምድ ሃምስትሪንግ የተባለውን ይህንኑ ጡንቻ ከጉዳት የመጠበቅ አቅሙ ጥሩ ማስረጃ አለው፤ ጉዳቱን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ችግሩ በማግስቱ ጡንቻ ያሳምማል። ልምምዱን ሳይሠሩ ጡንቻው ሜዳ ላይ ቢቆረጥ ይሻላል፤ ቢያንስ የሚያየው ተመልካች አለ።

ከጨዋታ በፊት አይቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ስለሚውጡት ባጭሩ፦ ክኒኑ ማንቂያውን ያጠፋል፣ ጉዳቱን አይነካም፤ ረጅም ሩጫና የውኃ ጥማት ላይ ሲደረብ ኩላሊትም ላይ ጫና ይጨምራል።

ከፍተኛው ኒሻን ግን የጉልበት መስቀለኛ ጅማታቸው፣ ኤሲኤል የሚባለው፣ ተበጥሶ በቀዶ ጥገና ለተተካላቸው ይሰጥ። የተተከለው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አዲስ የደም ሥር እስኪያበቅል ድረስ ከተተከለበት ቀን ይልቅ እየደከመ ይሄዳል፤ ጉልበቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን እየተሻለው ይመጣል። ማለት የሰውየው ድፍረት ሲጨምር የጅማቱ አቅም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለሻው በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የጭን የፊት ጡንቻም ከሌላው እግር ቢያንስ 90 በመቶ ካልደረሰ መመለስ አይመከርም። ጀግናችን በአምስተኛው ወር ተመለሱ፤ የዋንጫ ጨዋታ ነበረ። የጡንቻ ልኬት አላስፈለጋቸውም፣ ሳሎን ውስጥ ሁለት ጊዜ ዘለው አይተዋል። በ20ኛው ደቂቃ በቃሬዛ ወጡ። እንደዚህ ቀድመው ለሚመለሱ ሰዎች ያልተነካው ጉልበትም ለተመሳሳይ ጉዳት እንደሚጋለጥ ይታወቃል፤ ጀግናችንም ለቀጣዩ የውድድር ዘመን ተመዝግበዋል።