ሐሮማያን ደግመን አናድርቀው

የሐረር፣ የአወዳይ፣ የሐሮማያና የድሬዳዋ ወገኖቼ፣ ደስታችሁን ማደፍረስ አልወድም። የሐሮማያ ሐይቅ ለዓመታት ደርቆ ከኖረ በኋላ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውሃ ይዟል። ወፎቹም መጥተዋል። ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርደው መንገደኛ መኪና አስቁሞ ፎቶ ይነሳል። ደግ ነው። ግን አቦ፣ ፎቶውን ከተነሳችሁ በኋላ ዳር ዳሩንም እዩት። የውሃ ሞተሩም ተመልሷል።

እንዴት ቶሎ ረሳነው?

«ፈጣሪ ተቆጥቶን ነው የደረቀው» የሚል ሰው ዛሬም አለ። ይህን የሚል ሰው የራሱን ጥፋት በፈጣሪ ላይ እየጫነ ነው። ሐሮማያ ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ የለውም። የሚኖረው ከዙሪያው ጋራ በሚወርደው ዝናብ ነው። እኛ ደግሞ ጋራውን መነጠርነው። ወይራውና ጥዱ ለማገዶና ለከሰል አለቀ። ተዳፋቱ እስከ አናቱ ታረሰ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ከጎርፉ ጋር እየወረደ የሐይቁን ሆድ ሞላው። ጥልቀት ያጣ ውሃ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ይጨርሰዋል። በዚያ ላይ ጫቱ፣ ድንቹና ሽንኩርቱ በሞተር ሌት ተቀን ጠጣ። የሐረር ከተማም ለ40 ዓመት ገደማ ከዚሁ ሐይቅ ቀዳ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ዓሣ ይወጣበት የነበረው ቦታ ከብት ይሰማራበት ጀመር። ጎረቤቱ የአዴሌ ሐይቅም አብሮ ሄደ።

ያኔ እንኳን አልቆምንም። የደረቀውን የሐይቅ ወለል እየቆፈርን ቀጠልን። ጉድጓዱ ሲነጥፍ ሌላ ጉድጓድ፣ ቱቦው ሲያጥር ሌላ ቱቦ።

የሐረር ሰው የከፈለውን ዋጋ ያውቀዋል። ጀሪካን ተሸክመው ሌሊት ወረፋ የያዙት እናቶች ያውቁታል። በኋላ ለከተማው ውሃ የተፈለገው ከድሬዳዋ በኩል፣ ከቆላው ነው። ያ ውሃ በፓምፕ እየተገፋ የደንገጎን ዳገት መውጣት አለበት። መብራት ሲጠፋ ቧንቧው ይደርቃል። ሐይቅ ደጃፉ ላይ የነበረ ከተማ ውሃ ከቆላ ይጠብቃል! ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

የገበሬ ወንድሜ፣ ጫት አትትከል አልልህም። የልጆችህ ደብተርና ልብስ፣ የእናትህ መድኃኒት ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። መሬትህ ጠባብ ነው፤ በበጋ ያጠጣኸው ጫት ዋጋው ይወደዳል። የምቆጣህ በአጠጣጥህ ነው። ቀትር ላይ ሞተር አስነስተህ ውሃውን በቦዩ ስትለቀው፣ ግማሹን የሚወስዱት ፀሐይና መንገድ ናቸው። ማለዳ ወይም ማታ አጠጣ። ከግንዱ ሥር ገለባና ቅጠል አልብሰው፣ እርጥበቱን ይይዝልሃል። አቅም ካለህ ከጎረቤትህ ጋር ተዋጥተህ የጠብታ መስኖ ሞክር። እርከን መሥራትን አባቶችህ ያውቁት ነበር፤ የሐረርጌ ገበሬ ድንጋይ መካብ ከማንም አይማርም። ታዲያ የፈረሰው ካብ ለምን ፈርሶ ይቀራል? የመንግሥት ዘመቻ እስኪታወጅ መጠበቅስ ምን ይባላል?

ከተሜዎች፣ ነገሩ የገበሬው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በርጫ ላይ የምንቀመጠው እኛ ነን። እያንዳንዱ እስር ጫት የሐይቁን ውሃ ጠጥቶ ነው የመጣው። ከሰሉን በጆንያ የምንገዛው እኛ ነን። ጫቱ የተጠቀለለበትን ፌስታል ከተሽከርካሪ መስኮት የምንወረውረውም እኛው ነን፤ ነፋስ እርሻው ላይ ይጥለዋል፣ ፍየል ትበላዋለች፣ የቀረው ቦይ ይዘጋል። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሕጉን የሚያስከብር ፖሊስ እስኪመጣ አንጠብቅ። ዘንቢሉ እኮ ከየቤታችን አልጠፋም።

የድሬ ልጆች ደግሞ የተራቆተ ጋራ ምን እንደሚያደርግ ሊነገራችሁ አይገባም። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደጫቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ሰዉ በተኛበት ነው ውሃው የደረሰበት። የዘነበው ደጋው ላይ ነበር። ዛፍና ሣር የሌለው ተዳፋት ውሃ አይዝም፤ እንደመጣ ያወርደዋል። ደንገጎ ላይ የሚቆረጥ ዛፍ ድሬ ቀፊራ ሰፈር ያለውን ሰው ይመለከተዋል ማለት ነው። ይህን የምለው ሙሾ ለማውረድ አይደለም። በየክረምቱ ችግኝ ተክለን በጋ ላይ ለፍየል የምንለቅ ሰዎች ስለሆንን ነው። ችግኝ መትከል አንድ ጠዋት ይፈጃል፤ ማሳደግ ግን ዓመታት ነው። የሚያጠጣው ሰው ካልተመደበ አትትከሉት።

አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አፎሻ አለን፤ እንደ እድር ያለ መረዳጃችን። ለሠርጉም ለሐዘኑም የሚሰበሰበው እሱ ነው፤ በሱ ፊት የተገባ ቃል ደግሞ አይታጠፍም። በሐይቁ ዙሪያ ያላችሁ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ሞተሮቹን ቁጠሩ። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ ተራ አውጡ። ዳር ላይ ምልክት ያለው እንጨት ትከሉ፤ ውሃው ከዚያ ምልክት ከወረደ ባለጸጋም ይሁን ድሃ ሞተሩን ያጥፋ። ቅጣቱን እናንተው ወስኑ። ይህን ከበጋው በፊት አድርጉት፤ ጫቱ ከተወደደ በኋላ ማንም ማንንም አይሰማም።