ብልቃጡ ውስጥ ወረቀት ይግባ

ድሬዳዋ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ አንድ ብልቃጥ ነበር። እባብ ተጠቅልሎ ተኝቶበታል። ፎርማሊኑ ስለጎደለ የእባቡ ጀርባ ደርቋል። ውጪው ላይ ከተለጠፈው ወረቀት የሚነበበው "ደቻ" የሚለው ብቻ ነው። ከተማዋን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ለማለት ይመስለኛል። ማን ያዘው? መቼ? የሚያውቅ አላገኘሁም።

ጠፍተዋል ስለተባሉና ሙዚየም ውስጥ ስለተገኙ የየብስ ሸርጣን ታይፖች ሳነብ ያ ብልቃጥ ትዝ አለኝ። ታይፕ ማለት ዝርያው መጀመሪያ ስም ሲወጣለት መነሻ የሆነው ናሙና ራሱ ነው። ኋላ ሁለት ዝርያዎች ቢምታቱ ዳኛው እሱ ነው። ጠፋ ከተባለ ኒዮታይፕ የሚባል ምትክ ይሰየማል። የመጀመሪያው ተገኝቶ ግኝቱ ከታተመ ግን፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ መሠረት፣ ምትኩ ቦታውን ይለቃል። ደስ የሚል ሕግ ነው።

በእርግጥ ጦርነት የበላው አለ። የሚላኖ ሙዚየም በ1943 እ.ኤ.አ.፣ የበርሊኑ በ1945 በቦምብ ተመትተዋል። ሌላው ግን ሳይጠፋ ተረስቶ የቀረ ነው። የዝርያው ስም ይቀየራል፣ ብልቃጡ በድሮ ስሙ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ወይም በውሰት ይሄድና ሳይመለስ ይቀራል። ወይም ወረቀቱ ይወድቃል። ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች የሚገኘውን ትልቅ የየብስ ሸርጣን "ካርኒፌክስ"፣ በላቲን ሰያፊ፣ ያለው ጀርመናዊው ሄርብስት የሞተው በ1807 እ.ኤ.አ. ነው። ስብስቡ በርሊን አለ። ከ200 ዓመት በኋላ የትኛው ቅርፊት የእሱ እንደነበር የሚለየው በጽሑፍ የቀረው ነው።

ጀርመናውያኑ አሳሾች ኧርላንገርና ኖይማን በ1900 እ.ኤ.አ. ከዘይላ ወደብ ተነስተው በሐረር በኩል ሲያልፉ እንስሳት ሰብስበዋል። ወደ ጀርመን የሄደውን ዝርዝር መጠየቅ መብታችን ይመስለኛል። ግን እኛ ጋ ያለውንስ? ሐረር ላይ አብዱላሂ ሸሪፍ የእጅ ጽሑፍና ሳንቲም ሰብስበው ሙዚየም አቁመዋል። ለእንስሳቱም እንዲህ የሚቆረቆር ሰው ይቀጠር። ዕቃው ውድ አይደለም፦ እርሳስ፣ ጠንካራ ወረቀት፣ መዝገብ። የእስክሪብቶ ቀለም ናሙና የሚቀመጥበት አልኮል ውስጥ ይለቃል፣ እርሳስ ግን አይለቅም። ወረቀቱም ከናሙናው ጋር ብልቃጡ ውስጥ ይግባ።

ያ እባብ አሁንም ካለ፣ እዚያ የምታስተምሩ እባካችሁ አትጣሉት። ጡረታ የወጡትን መምህራን ጠይቁልኝ። እባቡ የተያዘበትን ዓመት የሚያስታውስ አይጠፋም።