መቻል እብድ አልነበረም

የሀዋሳ ሰዎች፣ ወገኖቼ፤ ይህን የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው። ይበርድልኛል ብዬ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም። ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቃችን ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ የነበራችሁ የምናገረውን ታውቃላችሁ። ያልነበራችሁም መቻል የሚባለው ውሻ በድንጋይ ሲገደል የሚያሳየውን፣ ከስልክ ስልክ ሲዞር የሰነበተውን ቪዲዮ አይታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ስቃችሁበታል። ቪዲዮው የሚጀምረው ግን ከመካከሉ ነው። እኔ ከመነሻው ነበርኩ።

ከሰንበቴ ወጥተን እኔና እህቴ ነጠላችንን እንደለበስን ዋርካ ሥር ቡና ልንጠጣ ተቀምጠናል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐዩ ያቃጥላል። ቢበዛ ዐሥራ አንድ ዓመት የሚሆነው ልጅ ውሻውን ይዞ መጣ። ውሻው ቡናማ ነው፤ አንዱ ጆሮው ታጥፏል፤ አንገቱ ላይ ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ታስሯል። ልጁ የገመዱን ጫፍ መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ከግንቡ ጫፍ እስከ ጫፍ አብረው ይሮጣሉ፤ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይሮጣሉ። ስሙን ያወቅሁት «መቻል! መቻል ና!» ሲለው ሰምቼ ነው። ሲደክማቸው ልጁ ከወገቡ በተቆረጠ ሃይላንድ ውኃ አቀረበለት። ውሻው ጨርሶ ጠጣና ባዶውን ላሰው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእኛ ራቅ ብለው ዓሣ የሚበሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ትንሿ ልጃቸው የያዘችው የዓሣ ጭንቅላት ከእጇ አመለጣት። መቻል ዘለለና አነሣው፤ እሷ ደንግጣ በቂጧ ወደቀችና አለቀሰች። አልነከሳትም። ጥርሱ ቀሚሷን እንኳ አልነካም። እናትየዋ ስትጮህ አንድ ሰው ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እብድ ውሻ ነው! ለሃጩን እዩት!» አለ። ለሃጩማ ይንጠባጠባል፤ በዚያ ፀሐይ ሲሮጥ የቆየ ውሻ ነው። ውሻ ሲሞቀው ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል፤ በዚያ ነው ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው።

የመጀመሪያው ድንጋይ ጎኑን መታው። ልጁ «አላበደም! የኔ ነው!» እያለ ላዩ ላይ ሊወድቅ ሲል አንዱ በአንገትጌው ጎትቶ ያዘው። ለልጁ አዝኖ ነው፤ «ትነከሳለህ አንተ!» ይለዋል። ገመዱ ከመዳፉ ተስቦ ሲወጣ ቆዳውን ልጦት ሄደ።

ያኔ ነው አጠገባችን የተቀመጠ ጎልማሳ ወደኔ ዞሮ የጠየቀኝ። ጤና ጣቢያ ሳገለግል ጀምሮ ያውቀኛል። «ሲስተር፣ እብድ ነው አይደል?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት።

እሱም ወደ ሰዉ ዞሮ «ሲስተርም አይታወቅም ብላለች!» ብሎ ተጣራ።

ግንቡ ጥግ ላይ ያዙት። ስንት ድንጋይ እንዳረፈበት አልቆጠርኩም። ጅራቱን ግን አይቻለሁ። ልጁ «መቻል!» ብሎ በጮኸ ቁጥር ጅራቱ ይንቀሳቀስ ነበር። ይህ ቪዲዮው ላይ አይታይም፤ የቀረጸው ልጅ ሌላ ቦታ ላይ ቆሞ ነበር።

ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ ልጁ ከኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ማኅተም ያለበት የክትባት ወረቀት ነው። «ተከትቧል፤ ይኸው» እያለ ለአንዱ ዘረጋለት። አልተቀበለውም። ለሌላው ዘረጋ፤ ያኛውም እጁን እያራገፈ ሄደ። ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ መጣ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ከተወጋ አምስት ወር አልሞላውም። ይዞት የሚዞረው እንዲህ ያለ ቀን ይመጣል ብሎ ነበር ማለት ነው፤ አንድ ሕፃን እኛን አውቆ ማስረጃ ይዞ ከቤቱ ይወጣል።

አንድ ትልቅ ሰው ተቆጣው። «ውሻ እዚህ ይዘህ ና ማን አለህ?» አለው። ልጁ እያለቀሰ «የት ላስሩጠው ታዲያ?» ብሎ መለሰ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ያለው ይህ ጥያቄ ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሚመልስለት አልተገኘም፤ መልስ ስለሌለ ነው።

ሬሳውን ጎትተው ሐይቁ ውስጥ ሊጥሉት የተነሡም ነበሩ። ሐይቃችን መውጫ የለውም፤ ከእሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። የጣልንበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። ያን ጊዜ እንኳ አፌን አልከፈትኩም፤ የተቆጣቻቸው እህቴ ናት። በመጨረሻ አንድ የባጃጅ ልጅ ከወንበሩ ሥር ማዳበሪያ አወጣ፤ ሬሳውን ጠቀለለው፤ ልጁንም አሳፍሮ ሳይከፈለው ወሰዳቸው። በዚያ ቀን ሰው ሆኖ ያየሁት እሱን ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ቁጣዬን ሁሉ እናንተ ላይ ከጣልኩ ዋሽቼአለሁና። ሃያ ስድስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ሰው አይቻለሁ። በሽታው ሲጠና ጉሮሮ ይሸመደመዳል፤ መዋጥ ያቅታል። ያ ውሻ አንድ ሃይላንድ ውኃ ጠጥቶ ባዶውን ሲልስ ዓይኔ እያየ ነው። ሲጠሩት ይሰማል፤ ሲያቆሙት ይቆማል። እርግጥ ነው፣ በማየት ብቻ ነፃ ነው ማለት አይቻልም። ግን ልጁን «ተከትቧል ወይ?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ሁለት ቃል ናት። የሰው እጅ ያልተዘረጋለት ያ ወረቀት በጊዜው እጄ ይገባ ነበር።

ለምን እንጃ አልኩ? ምክንያቱን ለካህን ነግሬአለሁ፤ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። ኃላፊነት ፈራሁ። «ሲስተር ደህና ነው ብላ ነበር» እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከዚህም በላይ ውሻ እንዲነካኝ አልፈለግሁም፤ ነጠላዬ ነጭ ነበር። ቡናዬም ገና ሁለተኛው ነበር፤ አልተነሣሁም። እናንተ በድንጋይ ገደላችሁት፤ ፈቃዱን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ።

ፍርሃታችሁን አልንቅም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቀላል፤ ሰው ከሚያዝበትም ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በውሻ የሚመጣ ነው። ተነክሶ ቤት ውስጥ ሥር ሲጠጣ ሰንብቶ ያመጡትን ልጅ እናቱ በማንኪያ ውኃ ልታጠጣው ስትሞክር፣ ገና ማንኪያውን ሲያይ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስለዚህ በሚፈራ ሰው አልፈርድም። ያን ቀን ያደረግነው ግን ከበሽታው የሚያድን አልነበረም። ልጅቱ ተነክሳ ቢሆን ኖሮ ቁስሏ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ መታጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ለክትባት ሐኪም ቤት መድረስ ነበረባት። ውሻው ደግሞ ታስሮ 10 ቀን ይታያል። ካበደም የሚረጋገጠው ከአንጎሉ በሚወሰድ ናሙና ነው፤ እናንተ የፈጫችሁት ጭንቅላቱን ነው። ሬሳውን በባዶ እጃችሁ የጎተታችሁም ነበራችሁ። እውነት በሽታው ኖሮበት ቢሆን፣ ጣታችሁ ላይ ያለች ጭረት ትበቃ ነበር።

የእብድ ውሻ በሽታ በመግደል ብቻ አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከውሾቹ 70 በመቶው በየዓመቱ ይከተቡ፣ ያን ጊዜ በሽታው መተላለፊያ ያጣል ነው። ዓለም እ.ኤ.አ. በ2030 በውሻ በሚመጣው በዚህ በሽታ አንድም ሰው እንዳይሞት ቀጠሮ ይዟል። እኛ ደግሞ የተከተበውን ገድለን ያልተከተቡትን ስንቱን በየሰፈሩ ትተን ወደ ቤታችን ገባን። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ የተመረዘ ሥጋ ይጣላል፤ ጠዋት ሬሳው ላይ የወረደው አሞራም አብሮ ይሞታል።

በየግቢያችሁ ያለውንም ተመልከቱ። ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤቱ አጠገብ በሁለት ክንድ ሰንሰለት ይታሰራል፤ ሌሊት ይለቀቃል። ሮጦ አያውቅም፣ እንግዳ ሰው ቀርቦት አያውቅም። እንዲህ ያደገ ውሻ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ቀን የጎረቤት ልጅ ይነክሳል፤ ከዚያ «ክፉ ዘር ነው» እንላለን።

ከዚያ እሑድ ሁለት ወር አስቀድሞ አንድ የሰፈራችን ወጣት በሬን አንኳኩቶ ነበር። በእጁ ማመልከቻ ይዟል። ለውሾች የታጠረ ሜዳ ይሰጠን የሚል ነው። አስፋልት አይፈልግም፣ ሕንፃ አይፈልግም፤ አጥር፣ ጥላ የሚሆን ዛፍ፣ የቧንቧ ውኃና የቆሻሻ መጣያ ብቻ። በሩ ድርብ እንዲሆን ጽፈዋል፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው ስለማይከፈት ውሻ አምልጦ መንገድ አይገባም። ትልልቆቹና ትንንሾቹ የሚለያዩበት አጥር አለው። የክትባት ወረቀት ያላሳየ አይገባም፤ ወረቀት የሌለው ደግሞ እዚያው በር ላይ የሚከተብበት ቀን ይኑር ይላል። በውጭ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመጀመሪያው እየተባለ የሚጠቀሰው በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተው ነው። አንድ ነገር ግን እኔም እንደ ነርስ ማየት ነበረብኝ። የውሻ ክትባት ሁልጊዜ የሚቸግረው ውሾቹን አንድ ቦታ ማግኘቱ ነው። ባለቤቱ ወዶና ፈቅዶ ውሻውን ይዞ የሚመጣበት ሜዳ ካለ ከግማሽ በላይ ሥራው ተሠራ ማለት ነው።

እኔ ያን ወጣት ምን አልኩት? «ልጄ፣ የሰው ልጅ መጫወቻ ባጣበት ከተማ ስለ ውሻ ትጽፋለህ?» አልኩት። አላከበርኩትም፤ ግባ እንኳ አላልኩትም። እሱ ግን በትሕትና «ሲስተር፣ የሚያሯሩጣቸውም እኮ የሰው ልጅ ነው» አለኝ። በሩን ዘጋሁት።

እናንተም ይህንኑ እንደምትሉ አውቃለሁ። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ አጥተው ለውሻ? እንዲህ ሲባል እውነት ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። ግን ለውሻ ሜዳ ባለመስጠታችን ለልጆች የተጨመረ ሜዳ የት አለ? ያን እሑድ የተገደለው የማን መጫወቻ ነበር? በግንቡ ዳር የወደቀውን የውሻ ኩስ ረግጦ የሚሄደውስ የማን ልጅ ነው?

ከዚያ ቦታ ጉዱማሌ ሩቅ አይደለም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ሲከበር ሽማግሌዎች ዛፍ አትቁረጡ፣ አትስረቁ፣ በሐሰት አትመስክሩ ብለው የሚመክሩበት ቦታ ነው። ዩኔስኮ ይህን በዓል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲመዘግብልን ደስ ብሎን ነበር። በሐሰት አትመስክሩ የተባለው ለሰው ብቻ ነው የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። «እብድ ነው» ያለው ሰው አያውቅም ነበር፤ ግን ተናገረ። እኔ የማውቀውን ደበቅሁ። ሁለታችንም መሰከርን።

ባለፈው ሳምንት የልጁን ቤት አጠያይቄ ሄድኩ። እናቱ በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና በርጩማ ሰጠችኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፤ ሌላ አላለችም። ልጁ ውስጥ ነበር፤ ጠራችው፣ አልወጣም። ሰማያዊው ገመድ በሩ ላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። መዳፉ ድኗል ወይ ብዬ ጠየቅሁ፤ ጠግጓል አለችኝ።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ወጣቱ ቤት ሄድኩ። ማመልከቻው አለ ወይ አልኩት። አለ። የተሰበሰበው ፊርማ አንድ ገጽ አልሞላም። ፈረምኩ፤ እህቴም ፈረመች። ከዚያ ወዲህ አምስት ቤት አንኳኩቼአለሁ፤ ሁለቱ ፈርመዋል፣ አንዱ አስቤ ልንገርሽ ብሏል፣ ሁለቱ እኔ በወጣቱ ላይ የዘጋሁትን ያህል ዘግተውብኛል። አልተቀየምኳቸውም። ደክሞኛል ግን። በዚህ ዕድሜዬ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣልኝም፤ በየደጁ እየዞርኩ ለሁላችሁ ልደርስ አልችልም።

ስለዚህ እሑድ ከሰንበቴ በኋላ እዚያው ዋርካ ሥር፣ ያን ቀን በተቀመጥኩበት ወንበር ወረቀቱን ይዤ እቀመጣለሁ። እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት አለሁ። ድንጋይ የወረወራችሁም ኑ፤ ማን ነህ ብዬ አልጠይቅም። ቪዲዮውን የቀረጽከው ልጅም ና። ሁለት እስክሪብቶ ይዤ እመጣለሁ።