ደም አልቆም ያላት ወላድ ወደ ጅማ ከመላኳ በፊት

ከጅማ ዞን ወረዳዎች፣ ከጌራም ሆነ ከሰጠማ፣ ወልዳ ደሟ አልቆም ያለ እናት ስትገጥም መጀመሪያ የሚሰማው «ቶሎ ጅማ ትላክ» የሚል ነው። ትልቁ ሆስፒታል ያለው እዚያ ስለሆነ አያስገርምም። ችግሩ ብርቱ ደም መፍሰስ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል መቻሉ ነው፤ በክረምት ጭቃ ያ ሰዓት መንገድ ላይ ሊያልቅ ይችላል። አምቡላንሱ ይጠራ፣ ግን ሕክምናው አምቡላንሱን አይጠብቅ።

ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚጀምረው ዓይንን ከማመን ነው። በጨርቅና በአንሶላ ላይ የፈሰሰ ደም ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። በ2023 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የኢ-ሞቲቭ ጥናት ኬንያን፣ ናይጄሪያን፣ ደቡብ አፍሪካንና ታንዛኒያን ያካተተ ነበር፤ በተለመደው አሠራር ከደም መፍሰሶቹ የታወቁት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከወላዷ ሥር የሚዘረጋ፣ ደሙን በሚሊ ሊትር የሚያሳይ ፕላስቲክ ሲጨመርና ሕክምናው በአንድ ላይ ሲሰጥ ግን ከ10 ከ9 በላይ ታወቁ፤ ከባድ ደም መፍሰስና ተያያዥ ጉዳቱም በ60 በመቶ ቀነሰ። 500 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። 300 ላይ ሆና የልብ ምቷ ከ100 ካለፈ ወይም የላይኛው የደም ግፊቷ ከ100 ከወረደም እንዲሁ።

ከዚያ በኋላ ተራ የለም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው። አንዷ ማሕፀኑ እስኪጠነክር የወላዷን ሆድ ትሽ፣ ሌላዋ ሰፊ ካኑላ (በደም ሥር የሚገባ ቱቦ) ታስገባ። ቤተሰብ «ጉሉኮስ ተሰቀለላት» ይበል እንጂ የሚሰቀለው ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር የተባለው የጨው ፈሳሽ ነው። ማሕፀንን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ 10 ዩኒት በ200 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ በ10 ደቂቃ ይሰጣል፣ ቀጥሎ 20 ዩኒት በ1 ሊትር ለ4 ሰዓት። የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይገባል። የሽንት ፊኛዋ ከሞላ ማሕፀኑ መኮማተር ይከብደዋልና ሽንቱ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ይፍሰስ። እንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑ ይታይ። ማሕፀኑ ጠንክሮም ደሙ ካልቆመ ጥፋቱ ከማሕፀን መላላት ሳይሆን ከተቀደደ ቦታ ሊሆን ስለሚችል፣ ኦክሲቶሲን መጨመር ሳይሆን በጥሩ ብርሃን የተቀደደውን ፈልጎ መስፋት ነው የሚያዋጣው።

ስለ ኦክሲቶሲን አንድ ነገር፦ መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ የሞቀ፣ ጠረጴዛ ላይ ቀናት ያደረ አምፑል ኃይሉ ይቀንሳል፣ መልኩ ግን ያው ነው። «መድኃኒቱ አልሠራም» ከማለት በፊት የፍሪጁን ቴርሞሜትር ማየት ያስፈልጋል። የፀሐይ ፍሪጅ ጥያቄን ከቢሮ ዕቃ ግዢ ጋር አብሮ ወረፋ የሚያስይዝ ወረዳ ቅደም ተከተሉን አዛብቷል፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብን።

አምቡላንሱ ሲመጣ አዋላጅ ነርሷ አብራ ትሂድ፣ የወላዷን ሆድ እየዳሰሰች። ብቻዋን የተላከች ወላድ መንገድ ላይ ማሕፀኗ ቢላላ የሚያውቅላት የለም። የሪፈር ወረቀቱ ላይም «ደም ፈሰሳት» ብቻ አይጻፍ፦ ስንት ሚሊ ሊትር፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት፣ ከሁሉም በላይ ልጁ የተወለደበት ሰዓት። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚጠቅመው ከወሊድ በ3 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ፣ ያ ሰዓት ካልተጻፈ ጅማ ያለው ተረኛ ሐኪም መድኃኒቱን መስጠት አለመስጠቱን የሚወስነው በግምት ነው።