ካፕሱሉ ተዋጠ፤ ደም ውስጥስ ገባ?

የባሕር ኪያር ስሙ አትክልት ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ የኮከብ ዓሣ ዘመድ። ከሰውነቱ ግድግዳ የሚወጣውን ስኳር በካፕሱል አሽገው የሚሸጡ ሰዎች አንድ ነገር ማለት ይወዳሉ፦ «በቀላሉ ወደ ደም ይሰርጋል»። እኔን የማይዋጥልኝ ይኸው ነው።

ስኳር ስላልኩት ጣፋጩ እንዳይመስላችሁ። ፉኮሲሌትድ ኮንድሮይቲን ሰልፌት ይባላል፤ ስሙን መጥራት ራሱ ሥራ ነው። ሰልፌት (ሰልፈርና ኦክስጅን የያዘ ቁራጭ) የተለጣጠፈበት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ ፉኮስ የሚባል ሌላ ስኳር ከጎኑ እንደ ቅርንጫፍ ይወጣል። ክብደቱ በሞለኪውል መለኪያ፣ በዳልተን፣ በአስር ሺዎች ይቆጠራል። ግሉኮስ 180 ብቻ ነው።

ትንሹ አንጀት በር የሚከፍተው ለነጠላ ስኳሮች ነው። ስታርች ራሱ የሚሰርገው ኢንዛይሞቻችን እስከ ግሉኮስ ድረስ ስለሚከታትፉት ነው። ይህን ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም ግን አንጀታችን አይሠራም። በሴሎች መካከል እንዳይሾልክም ክፍተቱ ጠባብ ነው። በዚያ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፤ የሴሉ ቅባታማ ሽፋን አያስጠጋውም። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድኃኒት፣ ሄፓሪንን አስቡት። እሱም ሰልፌት የተሸከመ የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በአፍ ሲወሰድ በደንብ ስለማይሰርግ በመርፌ ይሰጣል።

ታዲያ ጨርሶ አያልፍም? እንዲህም አይባልም። በ2006 የብራዚል ተመራማሪዎች የባሕር ኪያሩን ስኳር ለአይጦች በአፍ ሰጥተው የደም መርጋትን እንደሚከላከል አሳይተዋል። ስለዚህ ጥቂቱ ሾልኮ ይገባል ብሎ ማሰብ ያስኬዳል።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመው የሚቀረው ነው። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። እኛ የሌለን መቀስ ያላቸው ካሉ ቆራርጠው አሴቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቡቲሬት ወደሚባሉ አጫጭር የቅባት አሲዶች ይለውጡታል። ቡቲሬት ደግሞ የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ማገዶ ነው። ጥቅም ለማግኘት የግድ ሰንሰለቱ ደም ውስጥ መግባት የለበትም ማለት ነው። ግን መቀሱ በሁሉም ሰው ሆድ ውስጥ የለም። በ2010 የወጣ ጥናት ቀይ ቀለም ያለውን የባሕር አረም ስኳር ለመቁረጥ የሚያገለግል ጂን በጃፓናውያን አንጀት ባክቴሪያዎች ውስጥ አገኘ፤ በተመረመሩት ሰሜን አሜሪካውያን ላይ አላገኘም። ጂኑ የመጣው ከባሕር ባክቴሪያዎች ነው። እኔ ላይ የሠራ ካፕሱል እናንተ ላይ ላይሠራ ይችላል።

«ሙሉ በሙሉ ይሰርጋል፣ ምንም ጉዳት የለውም» የሚለው ማስታወቂያማ እርስ በርሱ ይጣላል። ይህ ስኳር ደም ውስጥ ገባ ማለት እኮ ደም እንዳይረጋ ማድረግ ይጀምራል ማለት ነው። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካፕሱሉን ከመክፈቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።