ለታሪክ ጀርባውን የሰጠው ጀግና ይመስገን

ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሁሌ መተቸት ምን ይሠራል? የማመሰግነው ቱሪስቱን ነው። ያን ስልኩን ዱላ ጫፍ ላይ ሰክቶ የሚዞረውን፣ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ፣ ሰልፍ ተሰልፎ፣ ተፈትሾ፣ በስተመጨረሻ ሮም፣ የጥንቱ ስታዲየም ኮሎሲየም ፊት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ለኮሎሲየም ጀርባውን መስጠት የሆነውን ሰውዬ።

ምቀኛ ያማዋል። "ሄዶ ሳያይ ተመለሰ" ይለዋል። እስቲ በእርጋታ እናስበው። ኮሎሲየም የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ80 ነው (ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በዚሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው፤ ያላየው የለም። የኛን ሰው ፊት ከኮሎሲየም ጋር ግን ዓለም ገና አላየም። ታዲያ የቱ ነው ብርቁ? ቄሣሮቹስ ቢሆኑ ያን ሁሉ ድንጋይ ያስከመሩት ለምን ይመስላችኋል? አንድ ቀን አንድ ሰው ከፊቱ ቆሞ ሁለት ጣቱን እንዲያወጣ ነው።

ድሮ ጥንታዊ ከተማ መጎብኘት ልፋት ነበረው። ሰው ከመሄዱ በፊት ያነባል፣ ሲደርስ ይጠይቃል፣ አንድ ካቴድራል ውስጥ ቁጭ ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ማታ ደግሞ ያየውን ደብተር ላይ ይጽፋል። ከንቱ ድካም! የኛ ሰው ነገሩን አሳጠረው። ይደርሳል፣ ይዞራል፣ ጥርሱን ያሳያል፣ ይሄዳል። ጠዋት አንድ ሥልጣኔ ይጨርሳል፣ ከሰዓት ሌላ አለበት። የትኛው ከተማ እንደነበር ኋላ ላይ ስልኩ ራሱ ይነግረዋል። ሎኬሽን የሚባለው ነገር ለምን ተፈጠረና?

ደግሞ ጀርባ መስጠትን እንደ ነውር የሚያይ ካለ ሮም፣ ትሬቪ ምንጭ ጋ ሄዶ ይማር። እዚያ ወጉ ራሱ እንዲህ ነው፦ ለምንጩ ጀርባህን ትሰጣለህ፣ ሳንቲሙን በቀኝ እጅህ ይዘህ በግራ ትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ትወረውራለህ፣ ከዚያ አንድ ቀን ወደ ሮም ትመለሳለህ ይባላል። በ1762 ተሠርቶ ያለቀው ያ ሁሉ ሐውልት፣ ፈረሱ፣ ፏፏቴው ከኋላህ ይንፎለፎላል፤ አንተ የምታየው ስልክህን ነው። ከውሃው ውስጥ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሳንቲም ይለቀማል፤ ካሪታስ ለሚባለው የካቶሊክ ግብረ ሠናይ ድርጅት ይሰጥና ችግረኛ ይረዳበታል። ምንጩን ፊት ለፊት ቆሞ ካየ ሰው ይኸ ይገኛል? አይገኝም። ድሃው የሚበላው በጀርባችን ነው።

ዋናው ሙያ የሚታየው ግን ፓሪስ ነው፣ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ፣ የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛ ካለችበት ክፍል። ገብቶ ለማያውቅ ላስረዳ። ሥዕሏ ትንሽ ናት፤ ቁመቷ 77፣ ወርዷ 53 ሳንቲ ሜትር። ከወፍራም መስታወት ጀርባ ነው የምትኖረው። ከፊቷ ደግሞ የእጅ ጫካ በቅሏል። እጅ ሁሉ ወደ ላይ ነው፣ በየእጁ ስልክ፣ በየስልኩ ስክሪን ላይ ከፊት የቆመው ሰው ስልክ፣ በዚያኛው ስልክ ውስጥ ደግሞ ጥፍር የምታህል ሞና ሊዛ። ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ ሥዕሏን የሚያያት በማያውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ዳታ እንኳን አልከፈለበትም! እየተገፋ እየተገፋ ገመዱ ጋ ሲደርስ፣ አሁን በቃ በዓይኑ ሊያያት ነው ብላችሁ ስትጠብቁ፣ ይዞራል። አበጀህ።

እና ጀርባውን ለሊዮናርዶ ሲሰጥ ፊቱ ወዴት ይሆናል? ወደ ትይዩው ግድግዳ። እዚያ የሠዓሊው ቬሮኔዜ "የቃና ሠርግ" ተሰቅሏል፤ ቁመቱ ከ6 ሜትር ተኩል በላይ፣ ወርዱ 10 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ሉቭር ካሉት ሥዕሎች ሁሉ ትልቁ። ውሃው ወይን ጠጅ ሆኗል። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ማዕድ ከቧል፤ ሙዚቀኛው ይመታል፣ አሳላፊው ይቀዳል፣ ውሾቹ ሳይቀሩ ተገኝተዋል። የኛ ሰው ፊቱን ወደዚህ ሁሉ አዙሮ ቆሞ አንዱንም አያይም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ የራሱ ቅንድብ ጋ ነው። ይህን እንደ ቀላል አትዩት። ግድግዳ የሚያህል ድግስ አፍንጫህ ሥር ተዘርግቶ አለማየት ልምምድ ይጠይቃል። የናፖሊዮን ወታደሮች ይህን ሥዕል በ1797 ከቬኒስ ሲዘርፉት አልንቀሳቀስ ስላላቸው ቆራርጠው ነበር የወሰዱት፤ ፓሪስ ላይ መልሰው ሰፉት። ምስኪኖች፣ የዛሬውን ሰው ቢያውቁ ኖሮ ባዶ ግድግዳ እንደሚበቃው ይገባቸው ነበር።

ጣሊያን፣ ፒሳ ላይ ደግሞ ጀግንነቱ ወደ ምሕንድስና ያድጋል። የፒሳ ማማ መሠራት የጀመረው በ1173 ነው፤ ከሥሩ ያለው አፈር ልል ስለሆነ ገና ግንባታው ሳያልቅ ዘመመ። በ1990 ይወድቃል ተብሎ ተዘጋ። መሐንዲሶች ዓመታት ፈጅተው፣ ከፍ ካለው ጎን ሥር አፈር በጥንቃቄ እየሳቡ እያወጡ፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ኋላ መለሱትና በ2001 ለሕዝብ ተከፈተ። ተራቀቁ ይባላል። ምን ዋጋ አለው፣ የኛ ሰው በአንድ መዳፍ ይዞታል!

እዚያ ሣር ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ነው። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አየር ይገፋል። አንዱ በእግሩ ይረግጣል፣ አንዷ በጣቷ ጫፍ፣ አንዱ ጎረምሳ በመቀመጫው። ፎቶ የሚያነሳው ጓደኛ በሆዱ ተኝቷል፤ "ዝቅ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አይ እጅህ ውስጡ ገባ፣ ድገመው" ይላል። ከካሜራው ጎን ሆኖ ለሚያይ ሰው ማንም ምንም አልያዘም፤ አንድ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ እጁን አንከርፍፎ ቆሟል። ማማውን ቀና ብሎ ያየ ሰው ካለ ለማስጎብኘት ደመወዝ የሚከፈለው ብቻ ነው። ቆይ ግን፣ አጠገቡ ያለው ካቴድራል ከማማው ቀድሞ የተሠራ መሆኑን፣ ማማውም የዚያ ካቴድራል የደወል ቤት መሆኑን ስንቱ ያውቃል? አለማወቁ ደግ ነው። ካቴድራሉ ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፤ ቀጥ ያለ ነገር ምን ፎቶ ይወጣዋል?

ጀርባ መስጠት ሲሰለቸው ደግሞ የኛ ሰው ይዳስሳል። ቬሮና ላይ የጁልዬት ነው የሚባል ግቢ አለ። ጁልዬት የሼክስፒር ተውኔት ሰው ናት፤ ቤቱ ጥንታዊ ቢሆንም ዝነኛው ሰገነት የተገጠመለት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ግቢው ውስጥ የነሐስ ሐውልቷ ቆሟል፤ ቀኝ ጡቷን የነካ በፍቅር ይታደላል ተባለ። ከዚያማ ምን ይጠየቃል! በሕይወት ያለች ሴት ላይ ቢያደርገው ፖሊስ ጣቢያ የሚያስገባውን ነገር ነሐስ ላይ ሲያደርገው ባህል ሆነለት፤ ያውም ሚስቱ ፎቶ እያነሳችው፣ ልጆቹ ተራ እየጠበቁ። ለአርባ ዓመት ያህል እንዲህ ተዳስሳ ነሐሱ ተሰነጠቀ። በ2014 ዋናዋን ወደ ቤቱ ውስጥ አስገቧትና ቅጂዋን በቦታዋ አቆሙ። የዳሳሹ ቁጥር በቅጂ ስለተተካች ቀነሰ? ኧረ በጭራሽ። የኛ ሰው ዋናና ቅጂ አይለይም፤ ልቡ ሰፊ ነው።

ፍቅር ካነሳን አይቀር፣ ፓሪስ ያለውን ፖን ዴ ዛር የተባለውን የእግረኛ ድልድይ እንዴት ረሳሁት። ፍቅረኞች ስማቸውን የጻፉበትን ቁልፍ አጥሩ ላይ ይቆልፉና መክፈቻውን ሴን ወንዝ ውስጥ ይወረውሩ ነበር። በ2014 የአጥሩ አንድ ክፍል ከክብደቱ የተነሳ ወደቀ። በዓመቱ ከተማው ቁልፎቹን አስነቀለ፤ 45 ቶን ገደማ ተባለ። ከባለ ቁልፎቹ ስንቱ እስካሁን አብሮ እንዳለ እግዜር ይወቅ። ድልድዩ ግን የቻለውን ያህል ታግሷል።

በተለይ የምወደው ስሙን የሚጽፈውን ነው። በ2023 አንዱ ኮሎሲየም ግድግዳ ላይ የራሱንና የፍቅረኛውን ስም በቁልፍ ፈልፍሎ ጻፈ፣ ሌላ ሰው ቀረጸው፣ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ተገኝቶ ሲጠየቅ የይቅርታ ደብዳቤ ላከ። ሕንጻው ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያወቅሁት ከድርጊቱ በኋላ ነው አለ። ሳቃችሁ አይደል? እኔ ግን አከበርኩት። ሌላው ቱሪስት ሳያውቅ ሄዶ ሳያውቅ ነው የሚመለሰው። ይኼ ሰውዬ ዘግይቶም ቢሆን አንድ ነገር ተምሮ ተመልሷል፤ ለዚያውም ከፖሊስ።

እዚህ ላይ የታሪክ ምሁር ነን ባዮች ብድግ ብለው "ይኼማ የጥንት ልማድ ነው" ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ኢስታንቡል ሀጊያ ሶፊያ ውስጥ ሃልፍዳን የሚባል የሰሜን አውሮፓ ሰው ከሺህ ዓመት በፊት ገደማ ስሙን እብነ በረዱ ላይ ጭሯል። ግብፅ፣ የነገሥታት ሸለቆ ውስጥ ያሉት መቃብሮች ግድግዳቸው የግሪክና የሮም ጎብኚዎች ጽሑፍ ሞልቶታል። ግን እነዚያ ምን ብለው እንደጻፉ ታውቃላችሁ? ብዙዎቹ "አየሁ፣ ተደነቅሁም" ነው የሚሉት። አንዱ ደግሞ በፈርዖኑ ራምሴስ 6ኛ መቃብር ውስጥ፣ ጎበኘሁ፣ ከሬሳ ሣጥኑ በቀር ምንም ደስ አላለኝም ብሎ ጽፏል። ነገረኛ ነው፤ ግን ቢያንስ አይቶ ነው የጠላው። ግድግዳ ላይ ለመጻፍ ፊትህን ወደ ግድግዳው ማዞር አለብህ። የድሮ ሰው ኋላ ቀር ነበር ስንል በዚህ ነው።

የከተሞቹ ነዋሪዎች ምስጋና ቢሶች መሆናቸው ግን ያሳዝናል። ቬኒስ በ1951 በታሪካዊው ማዕከሏ 175 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር፤ በ2022 ከ50 ሺህ በታች ወረደ። ቤቱ ለእንግዳ ተለቀቀ ማለት ነው፣ ደግ ነገር ነው፣ ሰው የሌለበት ፎቶ ደግሞ ያምራል። እነሱ ግን በ2024 ለቀን ጎብኚ 5 ዩሮ መግቢያ መጠየቅ ጀመሩ፣ ከተማ እንደ ሲኒማ ቤት! የጃፓኗ ኪዮቶም ጊዮን በሚባለው ሰፈር ወደ ሥራቸው የሚሄዱትን ማይኮዎች (የጌሻ ሙያ ሠልጣኝ ሴቶች) የባህል ልብሳቸውን ኪሞኖ እየጎተተ ፎቶ ለሚያነሳው ወዳጃችን የግል መተላለፊያዎቹን ዘጋች፤ የገባ 10 ሺህ የን ይቀጣል ተባለ። ባርሴሎና ላይ በ2024 ሐምሌ ወር ሰልፈኞች ሬስቶራንት የተቀመጡ ቱሪስቶችን በመጫወቻ የውሃ ሽጉጥ ረጩ። በዚያ ሙቀት። እኔ እንግዳ ተቀባይነት ነው ብዬ ነው የወሰድኩት።

ቁንጮውን ግን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ። ሰኔ 2025፣ ፍሎረንስ፣ ኡፊዚ ሙዚየም። አንድ ጎብኚ ከተማዋን ይገዛ ከነበረው የሜዲቺ ቤተሰብ የአንድን መስፍን ሥዕል አየ። እንደ መስፍኑ መቆም አማረው። መስፍኑ እንዴት እንደቆመ አጥንቶ፣ እጁን እንደሱ አድርጎ፣ እግሩን እንደሱ አድርጎ፣ እንደ ደንቡ ለሥዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ካሜራው ተዘጋጀ። ከዚያ ወደ ኋላ ተንገዳገደና ሥዕሉ ላይ አረፈ። ሸራው ተቀደደ። ለዘመናት ለሥዕል ጀርባ ሲሰጥ ኖሯል፤ እንዲህ በሙሉ ክብደት የሰጠ ግን አላየንም። የሙዚየሙ ኃላፊ ተቆጥተው ለማኅበራዊ ሚዲያ ፎቶ የሚነሳው ሕዝብ እየበዛ እንደሄደ፣ ጥብቅ ገደብም እንደሚያወጡ ተናገሩ። ይሞክሩት። ገደቡ እስኪወጣ ግን ሥዕሎቹ ራሳቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢሉ ጥሩ ነው።