ይድረስ ለትምህርት ቤታችን ድምፅ ማጉያ

ከሰንደቅ ዓላማው ጎን ግንድ ላይ ለተሰቀሉት፣ ለተከበሩ ድምፅ ማጉያ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከጆሮዬ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከመምህራን ማረፊያ ክፍል ሆኜ ነው። ልክ ከአፍዎ ሥር። ፊደሌ ተንቀጥቅጦ ቢያዩት ፈርቶ ነው አይበሉ፤ ጠረጴዛው ነው የሚርገበገበው።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ ጠርተውኛል። "የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪ መምህር በአስቸኳይ ወደ..." አሉና ክርርር ብለው ቀሩ። ወደ የት? ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሮጥኩ፤ ማንም አልፈለገኝም። ላብራቶሪው ተቃጥሎ ይሆን ብዬ ወደዚያ ሮጥኩ። ለመቃጠል የሚበቃ ዕቃ እንደሌለው ትዝ ያለኝ ከደረስኩ በኋላ ነው። ለካ ወንድሜ ከገጠር መጥቶ በር ላይ ኖሯል። ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ ጥበቃው በእግሩ መጥቶ ነገረኝ።

ቅሬታዬም ይኸው ነው። ለምን ይጮኻሉ አላልኩም። ለመጮህ ነው የተሰቀሉት፤ ይጩኹ። የሚገርመኝ ጉሮሮዎ ማማረጥ ማወቁ ነው። ማንም የማይፈልገው ነገር ሲሆን ጥርት፣ ኩልል ይላሉ። ሰው ጆሮውን የሚያቆምባት ቃል ላይ ሲደርሱ ያንቅዎታል።

ጠዋቱን እንይ። ገና 2 ሰዓት ሳይሞላ "ሃሎ፣ ሃሎ፣ ማይክ ቴስት፣ አንድ ሁለት" ይላሉ። ይህችን አንድም ቀን ውጠዋት አያውቁም። ሦስት ላይ ደርሰውም አያውቁም። ከዚያ መዝሙሩ ከፍላሽ ይከፈታል። ባንዲራው ግማሽ መንገድ እንደወጣ መዝሙሩ ቀጥ ይላል። ገመዱን የያዙት ሁለት ልጆች ይተያያሉ። እንሳብ ወይስ እንጠብቅ? ባለፈው አንድ መንገደኛ አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ "ማን ሞቶ ነው?" አለን። በዚህ መሀል አርፋጁ ሁሉ ሹልክ ሹልክ እያለ ይገባል። እርሱ ብቻ ይመርቅዎታል።

እረፍት ላይ ሚኒ ሚዲያው ይጀምራል። ልጆቹን አልወቅስም። "ውድ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ፣ እንደምን አረፈዳችሁ" ብላ የምትጀምረው የ10ኛ ክፍል ልጅ ሬዲዮ ላይ ብትገባ አታሳፍርም። ወረቀቷንም አንብባ፣ ተለማምዳ ነው የምትመጣው። ችግሩ ከእርሷ ከንፈር እስከ እኛ ጆሮ ባለው መንገድ ላይ እርስዎ ኬላ ማቆምዎ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሙሉ በሙሉ ያልፋል። ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማን አቀበለ። የራሳችን 11ኛ ቢ እና 10ኛ ዲ ስንት ለስንት እንደተለያዩ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁለቱም ክፍሎች አሸንፈናል እያሉ ነው። የዘፈን ምርጫውም ያልፋል። "ስሙ እንዲገለጽ ካልፈለገ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ራሷን ለምታውቅ የ11ኛ ኤ ልጅ" ሲሉ አንዲት ፊደል አትጎድልም። በማግስቱ ራሳቸውን ያወቁ አራት ልጆች ተኳርፈው አየሁ። የማካካሻ ክፍለ ጊዜ፣ የመጽሐፍ መመለሻ ቀን፣ የሞዴል ፈተናው ክፍል... እነዚህ ኬላው ላይ ቀሩ።

እረፍቱ ቢያልቅም እርስዎ አያልቁም። አንድ ቀን "የአቮጋድሮ ቁጥር 6.022 ሲባዛ በ10 ሃያ ሦስተኛ" ብዬ ወደ ሰሌዳው ስዞር፣ እርስዎ ተቀብለው "ብር ያልከፈላችሁ ተማሪዎች ነገ ወላጅ ይዛችሁ እንድትመጡ" አሉ። በፈተና ላይ አንዱ ልጅ ቁጥሩን አሳምሮ ጻፈና መጨረሻው ላይ "ብር" ብሎ ጨመረ። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት። ግማሹ የእርስዎ ጥፋት ነው።

ነገሩ ከዘር ነው መሰለኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ እኔ ተማሪ ነበርኩ። በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ጥያቄ ይጠይቅና ገና እጃችንን ሳናወጣ "ቬሪ ጉድ" ብሎ ያልፋል። መምህራችን ጎኑ ቆሞ እንደ እኛው ያይ ነበር። አጎትዎ ነው እንበል። እርሱ ግን ቢያንስ ምስል ነበረው።

ዝም ማለት አይችሉም እንዳልል ደግሞ አንድ ጊዜ ችለዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ትዝ ይልዎታል? ተማሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት። በጥር 2015 ውጤቱ ሲወጣ፣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በለጡ። እኛስ ስንት አሳለፍን? ግቢው በሙሉ ሽቅብ ወደ እርስዎ አንጋጦ ይጠብቃል። ሳምንት ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። "ብልሽት ላይ ነው" ተባልን። ተጠግነው ብቅ ሲሉ የመጀመሪያው ዜናዎ የዕቅድ አፈጻጸማችን "እጅግ በጣም ከፍተኛ" መሆኑ ነበር። ኩልል ብሎ ተሰማ።

እርስዎ ሳይመጡ ቸርኬ ነበረን። የአሮጌ መኪና ቸርኬ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የቀድሞው ጥበቃችን ጋሼ በብረት ይመቱት ነበር። ሁለት ምት እረፍት፣ ሦስት ምት መግቢያ፣ ከተደጋገመ ስብሰባ። ክርርር የለ፣ ማይክ ቴስት የለ። ተሳስቶ የወጣ ተማሪ አልነበረም፤ የወጣ ካለ ሆን ብሎ ነው። እርስዎ የተሰቀሉ ዕለት ቸርኬው ስቶር ገባ። ጋሼም ብዙ ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ።

ጋሼ ባለፈው ወር አረፉ።

መርዶውን እርስዎ ነዎት ያወጁት። "ለረጅም ዓመታት በጥበቃ ሥራ ያገለገሉን... ክርርር... ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ በ9 ሰዓት በ... ክርርር... ኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።"

ኤል! ጌታዬ፣ ስንት ኤል እንዳለ ያውቃሉ? ሚካኤል ኤል ነው። ገብርኤል ኤል ነው። ሩፋኤልም ዑራኤልም ኤል ናቸው። አማኑኤልን ሳንቆጥር። ይደግሙልናል ብለን ቆመን ብንጠብቅ "መልካም የሥራ ቀን" ብለው ዘጉ። የቋንቋ መምህራኑ ገብርኤል ነው ብለው ሄዱ። ሒሳብ ዲፓርትመንት ተሰብስቦ ካሰላ በኋላ ሚካኤል ላይ ተስማማ። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ መዋጮውን በፖስታ ይዘን ሩፋኤል ደረስን።

ቀብር አለ። የሕይወት ታሪኩ ተነብቦ አልቋል። ሰዉ ብዙ ነው፤ ጋሼን የማይወድ ስላልነበረ አልጠረጠርንም። አለቀስን። የስፖርት መምህራችን ከቤተ ዘመድ በላይ አለቀሰ፤ ደግፈው ነው ያቆሙት። ፖስታውን ነጠላቸውን ላዘቀዘቁ አንድ ሰውዬ ሰጠን። "ከትምህርት ቤቱ ማኅበረሰብ ነው" ስንላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እጃችንን ይዘው ድንኳን ድረስ ወሰዱን። ንፍሮ እየቆረጠምኩ ቀና ስል የሟች ፎቶ ፊት ለፊቴ ተሰቅሏል።

ሴት ናቸው።

ፖስታውን መልሱልን አይባል ነገር። ንፍሮውን ጨርሰን፣ እግዜር ያጥናችሁ ብለን ወጣን። (እዚህ ላይ አንቱታውን ትቼ ሌላ ነገር ጽፌልዎ ነበር። ሰርዤዋለሁ።)

ጋሼ ለካ ዑራኤል ነው የተቀበሩት። ከትምህርት ቤቱ የተገኘችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ብቻ ናት። እርሷም ከእርስዎ አልሰማችም፤ ጎረቤታቸው ናት።

ማክሰኞ ዕለት ደግሞ መብራት ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ የስብሰባውን ማስታወቂያ ደብተር ላይ በእጃቸው ጽፈው፣ በአንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ክፍል ለክፍል አስዞሩት። አንብበን ፈረምን። ስብሰባው 8 ሰዓት ነበር፤ 8 ሰዓት ከ5 ላይ ወንበር ጠፋ። ርዕሰ መምህሩ ደንግጠው ኮረሙን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ።

ይውረዱ አልልም። ብልም አያወርዱዎትም፤ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ "የተሟላ ግብዓት" ተብለው ተጽፈዋል። የምለምንዎ አንዲት ነገር ናት። የጋሼ አርባ የፊታችን እሑድ ነው። ያቺ የሚኒ ሚዲያዋ ልጅ ማስታወቂያውን ዓርብ እረፍት ላይ ታነበዋለች። ፕሪሚየር ሊጉን ይዋጡት። የዘፈን ምርጫውን ይዋጡት። ካሻዎ የእኔንም ስም ይዋጡት። ዑራኤል የሚለውን ግን ከነ ዑ-ው፣ ከነ ራ-ው ይልቀቁልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሥርዎ የሚያስተምረው

ግልባጭ፦
ስቶር ውስጥ ለሚገኘው ቸርኬ